ብሎኑ ለምን እየላላ ያስቸግርሃል?

የፓምፑ ማሰሪያ ብሎን ስፕሪንግ ሮንዴላ (እንዳይላላ ተብሎ ከዳዶው ሥር የሚገባ የተሰነጠቀ ቀለበት) ገብቶለትም በየሳምንቱ ይላላል ብለሃል። ወንድሜ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላው ላይ ብዙ ተስፋ አትጣል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ብሎንን በዋናነት የሚፈታው የታሰሩት ክፍሎች በንዝረት ወደ ጎን መንሸራተታቸው ነው፤ ያኔ ጥርሱ መያዝ ያቅተውና ዳዶው በራሱ ይዞራል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ማጥበቁ ነው። ብሎን ሲጠብቅ በጣም በትንሹ ይለጠጣል፣ ክፍሎቹን ጨምቆ የሚይዛቸውም ያ መለጠጥ ነው። በግምት አትሰር! በቶርክ ቁልፍ (የምታጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ አምራቹ ባለው ልክ አጥብቀው። ቀለም ወይም ዝገት ላይም አትሰር፣ ቆይቶ ሲደቅ ብሎኑ ይላላል።

ከዚያ ጥርሱን ከዘይት አጽዳና ሰማያዊውን ሎክታይት (የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ) ጠብ አድርግበት፣ 24 ሰዓት ሳትነካው ይድረቅ። በኋላ በተራ ቁልፍ ይፈታልሃል። ቀዩን ግን ተወው፣ ለመፍታት እስከ 250 ዲግሪ ማሞቅ ሊጠይቅህ ይችላል። ናይለን ያለው ዳዶም ጥሩ ነው፣ በጣም የሚግል ቦታ ላይ ካልሆነ።

ስትጨርስ ከዳዶው እስከ ብረቱ በቀለም አንድ መስመር አስምር። መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው መዞሩን ወዲያው ታያለህ።