ስኳር ላለባቸው እናት ፍል ውሃ፦ ከሦስት ዓመት መመላለስ ያየሁት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። እናትህ ሁለቱም ጉልበታቸው ደረጃ መውጣትና መውረድ እንደከለከላቸው፣ ስኳርና ደም ግፊትም እንዳለባቸው ገልጸህ፣ የቤተሰቡ ትልልቅ ሰዎች «ደቡብ ወሎ፣ ሐርቡ ፍል ውሃ ወስዳችሁ ሰባት ቀን ንከሯቸው» ስላሏችሁ ይበጃቸው እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔም ተመሳሳይ ሕመም ያለባትን እናቴን ከደሴ ይዤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወደ ቆላው ወርጃለሁ። አብሽር፣ መሄዱ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሙቀቱና ደቂቃው እንደ መድኃኒት ካልተለካ፣ ስኳር ያለበት ሰው ጉልበቱን ሊያሽል ሄዶ እግሩን አቁስሎ ይመለሳል።

ይህን የምለው በእናቴ ላይ ስለደረሰ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ተራ እስኪደርሳት ድረስ ውሃው ከምንጩ በሚወርድበት ቦይ ዳር ተቀምጣ እግሯን ነከረች። «ይፈጃል ወይ?» ብላት «ኧረ ለብ ያለ ነው፣ ደስ ይላል» አለችኝ፤ እኔም አመንኋት። ማታ በተከራየነው ክፍል ካልሲዋን ሳወልቅላት በግራ እግሯ ተረከዝ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ውሃ የቋጠረ ቁስል አየሁ። እርሷ አንዳችም አልተሰማትም ነበር። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛልና፣ «አይሞቅም» ያለችኝ ዋሽታ ሳይሆን እግሯ ስለማይነግራት ነው። ያ ቁስል እስኪደርቅ ሁለት ወር ያህል ጤና ጣቢያ ተመላለስን። ስለዚህ እናትህን «ይሞቃል?» ብለህ አትጠይቃቸው። ቴርሞሜትር ግዛ፤ ካጣህም አንተው ክንድህን እስከ ክርንህ ነክረህ ለካ። ለእርሳቸው ዕድሜና ሕመም ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል፤ ውሃው ከዚያ በላይ ከሆነ ገንዳ ውስጥ ይቆይና ይብረድ፣ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበት። «በተቃጠልሁ ቁጥር በሽታው ይወጣል» የሚሉ ሰዎች አጠገባችሁ አይጠፉም፤ በአክብሮት እለፏቸው።

ጥቅሙ ከምን እንደሚመጣ ብታውቅ አጠቃቀሙም ይቀልልሃል። የእኛ ቆላ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወርደው ተረተር ግርጌ ስለሆነ ምድሩ በብዙ ቦታ የተሰነጠቀ ነው። በደጋው የዘነበው ውሃ በስንጥቁ ወደ ጥልቁ ይሰርግና በከርሰ ምድሩ ሙቀት ግሎ፣ የዓለቱን ማዕድን እያሟሟ ተመልሶ ይወጣል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማዕድኑ ነው፤ ለጉልበት ግን ይበልጡን የሚሠሩት ሙቀቱና የውሃው ተሸካሚነት ናቸው። ሙቀቱ የተኮማተረውን ጡንቻ ያፍታታል፣ የደም ሥሩንም ያሰፋል። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ እስከ ደረቱ ሲገባ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በመሆኑም ዝም ብለው ተነክረው ከሚቀመጡ፣ ጠርዙን ይዘው ጉልበታቸውን ቀስ እያሉ ቢያጥፉና ቢዘረጉ፣ ውሃው ውስጥም ቢራመዱ ይሻላል። እናቴ በሁለተኛው ዓመት የተሻላት እንዲህ ስላደረገች ነው፤ በደረቅ መሬት ዐሥር ጊዜ ማጠፍ የማትችለውን ጉልበት ውሃ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ታጥፈው ነበር።

በሌላው ዓለም ስለ ጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በየቀኑ የሚደረግ እጥበትን የተከተሉ ሲሆን፣ ሕመሙ ለጥቂት ወራት እንደሚቀልና እንቅስቃሴም እንደሚሻሻል ያሳያሉ። ሆኖም የሚታጠበው ሰው መታጠቡን ስለሚያውቅ፣ ከመሻሉ ምን ያህሉ የውሃው፣ ምን ያህሉ የዕረፍቱና የተስፋው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በመገጣጠሚያው ውስጥ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ልም አጥንት ግን አንዴ ካለቀ በፍል ውሃ ተመልሶ አይበቅልም። ሰባት ቀኑን አልቃወምም፤ ዐሥራ አራት ቢሆን ግን እመርጣለሁ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከ15 ደቂቃ ሳይበልጥ።

መድኃኒታቸውን ፈጽሞ አያቋርጡ። በዚህ ላይ አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ ፍል ውሃውን እንደ ጠበል አይተው ክኒናቸውን ቤት ትተው የሚመጡ ብዙ እናቶችንና አባቶችን አይቻለሁ። ጸሎቱም ዱዓውም ከክኒኑ ጋር አይጣላም፤ እዚያው ገንዳ ዳር አንዷ «ቢስሚላህ» ብላ፣ ሌላዋ አማትባ ጎን ለጎን ሲገቡ ማየት የወሎ ወግ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ሙቀቱ ኢንሱሊኑ በፍጥነት ወደ ደም እንዲገባ ስለሚያደርግ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሳይበሉ አይግቡ፤ ከረሜላም በኪስህ ይኑር። የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሙቅ ውሃ ድንገት ብድግ ሲል ያዞረዋልና፣ ጠርዙ ላይ ጥቂት ተቀምጠው እጃቸውን ይዘህ አውጣቸው። ልባቸው የደከመ፣ ትኩሳት ያለባቸው ወይም ክፍት ቁስል ያለባቸው ከሆነ ጉዞውን ተወውና መጀመሪያ ሐኪማቸውን አማክር።

ስለ ቦታው አመራረጥ የምልህ፣ ውሃው በአንድ በኩል እየገባ በሌላ በኩል የሚወጣበትንና በየቀኑ ተደፍቶ የሚፋቅ ገንዳ ፈልግ። በለብታ የቆመ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብታ አንጎልን የምታጠቃ፣ እምብዛም የማታጋጥም ነገር ግን ገዳይ የሆነች ረቂቅ ተሕዋስ ልትኖር ስለምትችል ማንም ራሱን ወደ ውሃው አያስጠልቅ፣ በአፍንጫውም አይሳብ። የድኝ ሽታ የሚበረታበት የተዘጋ ክፍል ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፤ ያ ጋዝ ሲጠራቀም ይመርዛል። ከፍል ውሃው ወጥቶ አጠገቡ ባለ ወንዝ መቀዝቀዝም የተለመደ ነው፤ ብልሃርዝያ የሚይዘው ግን በእንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነውና ከዚያ ራቁ።

ውሃውን በጀሪካን ሞልቶ ወደ ቤት መውሰድና መጠጣትን አልመክርም። የስምጥ ሸለቆ ሙቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ዘወትር መጠጣት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲቆይም አጥንት ይጎዳል። መታጠቡ ግን በዚህ በኩል አያሰጋም።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ በግንቦትና በሰኔ ቆላው ራሱ ስለሚያቃጥል ከገንዳ የወጣ ሰው የሚበርድበት አየር አያገኝም። ነጭ ካልሲ ያዝላቸው፤ ደምም ሆነ ፈሳሽ ቶሎ ይታይበታል። ማታ ማታም የእግራቸውን ውስጥና በጣቶቻቸው መካከል ያለውን በባትሪ ብርሃን እያየህ አሳድራቸው፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቦዩ ዳር ሳለን ያላደረግሁት እግሯን በዓይኔ ማየትን ነው።