«ኤላ» በአማርኛ ሄል ነው ወይስ ኮረሪማ?

ጥያቄ፦ ስለ ህንዶቹ የአዩርቬዳ ሕክምና የሚያወራ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ኤላ» የሚባል ቅመም በየገጹ ይመጣል። አንድ ጓደኛዬ «ኮረሪማ ብለሽ ጻፊው» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ ሄል ነው» አለች። የባሰ ግራ ያጋባኝ፣ መጽሐፉ ከኤላ የሳንስክሪት ስሞች አንዱ «ኮራንጊ» ነው ማለቱ ነው። ኮረሪማ የሚለው ቃላችን ከዚህ የመጣ ይሆን? ሄልስ የሚጻፈው በየትኛው «ሀ» ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርዎት። ኤላ ሄል ነው እንጂ ኮረሪማ አይደለም። ኮራንጊና ኮረሪማም አይዛመዱም። አጻጻፉ በሃሌታው «ሀ» ነው። ይህን ያህል ብዬ ባቆም ደስ ባለኝ፣ ግን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲተረጎም የአንድ ቅመም ስም ከተሳሳተ ቅመማው ራሱ ስለሚሳሳት ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ብጽፍልዎት ይሻላል።

ግራ የሚያጋባን ሦስት የተለያዩ ተክሎችን አንድ ማድረጋችን ነው። ሦስቱም ከዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ኤላ ነው። አገሩ ደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ የኬረላና የአካባቢው ተራሮች ሲሆን የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ያ አረንጓዴ ደቃቃ ፍሬ ማለት ነው። ሁለተኛው ከሂማላያ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ሲኪም፣ ኔፓልና ቡታን ውስጥ ይበቅላል። ፍሬው ከፍ ያለና ጠቆር ያለ ነው። በእሳት ጭስ ስለሚያደርቁት ሽታው ጭስ ጭስ ይላል። ሦስተኛው የእኛው ኮረሪማ ነው፤ ከፋን በመሳሰሉ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የሳይንስ ስሙ እንኳን «አፍራሞሙም ኮሮሪማ» ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች የአገሩን ስም እንዳለ ወስደውታል።

ቤትዎ ሁለቱም ካሉ አንድ የሄል ፍሬና አንድ የኮረሪማ ፍሬ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የሄሉ ልጥ እንደ ወረቀት ስስ ነው። በጥፍር ሲፈለቀቅ ውስጡ ሦስት ክፍል ነው፤ በየክፍሉ ትንንሽ ጥቁር ፍሬዎች ተጣብቀው ተደርድረዋል። ኮረሪማው ግን ወፍራም ልጥ አለው፣ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ አፉ ይጠባል፣ ፍሬዎቹ ቡናማና አንጸባራቂ ናቸው። ሽታቸው ይቀራረባል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሻይ ውስጥ ኮረሪማ፣ ንጥር ቅቤ ውስጥ ደግሞ በኮረሪማው ምትክ ሄል የጨመረ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሳንስክሪቶቹ ስሞች ልምጣ፤ እኔን የሚያስደስተኝ ክፍል ይሄ ነው። የህንድ ሐኪሞች «ኒጋንቱ» የሚሉት የመድኃኒቶች የስም ዝርዝር አላቸው። ተማሪው በቃሉ እንዲይዘው በግጥም የተጻፈ ነው። ሥዕል ስለሌለው የተክሉን መልክ፣ አገሩንና ጠባዩን የሚነግሩት ስሞቹ ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባቫሚሽራ የሚባል ሐኪም ያዘጋጀው «ባቫፕራካሻ» ኤላን ሁለት ቦታ ከፍሎ ነው የሚያስቀምጣት። (እንደ ሴት የጠራኋት በሳንስክሪት ኤላ አንስታይ ስለሆነች ነው።) ለትንሿ ከሚሰጣት ስሞች አንዱ «ሱክሽማ» ነው፤ ረቂቅ፣ ደቃቃ ማለት ነው። ሌላው «ትሩቲ» ነው፤ ቅንጣት እንደማለት፣ ይኸው ቃል እጅግ አጭር የሆነ የጊዜ መለኪያም ነው። «ድራቪዲ» ትባላለች፤ የድራቪድ አገሯ፣ የደቡቧ ማለት ነው፤ ከየት እንደምትመጣ ስሟ ላይ ተጽፏል። ትልቋ፣ ያችው የሂማላያዋ፣ ደግሞ «ስቱላ» (ወፍራሟ)፣ «ብሪሃዴላ» (ትልቋ ኤላ)፣ «ትሪፑታ» (ባለ ሦስት ክፍሏ) ትባላለች። ያ ፈልቅቀው ያዩት ባለ ሦስት ክፍል ውስጥ ለስም በቅቷል ማለት ነው።

ክፍፍሉ የመጠን ብቻ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ትንሿ በጠባይዋ «ሺታ»፣ ማለትም ቀዝቃዛ ናት፤ ትልቋ «ኡሽና»፣ ሙቅ ናት። ይህ ስለ እሳትና ውኃ ሙቀት የሚያወራ ሳይሆን መድኃኒቱ ሰውነት ላይ ስለሚያሳድረው ኃይል የሚያወራ የአዩርቬዳ አነጋገር ነው። ትንሿን ለአክታ፣ ለሳል፣ ለትንፋሽ ማጠር፣ ለሽንት ችግር ይሰጧታል። ከዚህ በጣም የሚቀድመው «ቻራካ ሳምሂታ» የተባለው መጽሐፍም ለትንፋሽ ችግር ይሆናሉ ብሎ ከሚዘረዝራቸው 10 መድኃኒቶች ውስጥ ኤላን አስገብቷታል። እንግዲህ ህንዶቹ ራሳቸው ሁለቱን ኤላዎቻቸውን ቀዝቃዛና ሙቅ ብለው ሲለያዩ፣ እኛ ሦስተኛ ተክል አምጥተን በመካከል ብናስገባ ምን ልንሆን ነው? ኮረሪማን እነዚያ ሐኪሞች አያውቁትም፤ ቀዝቃዛ ነው ሙቅ ነው ብለውም አልፈረዱበትም።

ሄል የሚለው ቃል ግን እውነትም የኤላ ዘር ነው። ታሚልም ማላያላምም «ኤላም» ነው የሚሉት፤ ሳንስክሪትም ስሙን ከእነዚህ ከደቡብ ቋንቋዎች እንደወሰደው ብዙ ምሁራን ይስማማሉ። ቅመሙ በንግድ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፋርሶች ዘንድ «ሄል» ሆነ፤ አረቦች «ሄል»ም «ሃል»ም ይሉታል፤ ወደ እኛም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሳዑዲ ወይም ዱባይ የሠራ ሰው የአረቦቹን ቡና ሽታ አይረሳውም፤ ያ ሽታ ሄል ነው። እስራኤል ያሉት ወገኖቻችንም በዕብራይስጥ ያው «ሄል» ሲባል ይሰማሉ። በዚህ መንገድ የመጣ ቃል ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ ዝንጅብልን «ሽሪንጋቬራ»፣ ስኳርን «ሻርካራ» ከሚሉት የሳንስክሪት ቃላት ተነስተው እኛ ጓዳ የገቡ ናቸው።

ኮራንጊስ? ከኮረሪማ ጋር የሚያመሳስለው መነሻው ላይ ያለው «ኮር» ብቻ ነው። ሁለት ቃላት በድምፅ ስለተቀራረቡ ብቻ ይዛመዳሉ ማለት አይቻልም፤ አንዱ ወደ ሌላው የሄደበትን መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል። እዚህ ጋ መንገዱ የለም። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ ኮረሪማ ግን ከየትም አልመጣም፣ እዚሁ ጫካ ውስጥ ነበር። ህንዳዊው ቅመም ሲመጣም ይዞት የመጣው ስም ኤላ፣ ሄል የሚለውን ነው። ኮራንጊ በሐኪሞች ግጥም ውስጥ ያለ ስም እንጂ ነጋዴ ሲጠራው የኖረ ስም አይደለም።

ስለ ፊደሉ ብዙም አያከራክርም። የአረብኛው ቃል የሚጻፈው ለስላሳ በሆነው «ሀ» ነው፤ የእሱ አቻ የእኛ ሃሌታው ነው። ሐመሩ «ሐ» የሚገባው የአረብኛው ድምፅ ከጉሮሮ ሲወጣ ነበር። ስለዚህ «ሔል» ሳይሆን «ሄል» ይበሉ።

ሳንስክሪቱን በፊደላችን ሲጽፉ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ሳንስክሪት ሁለት ቃል ሲያጋጥም ድምፃቸውን ያዋህዳል። ሱክሽማና ኤላ ሲገናኙ «ሱክሽማይላ» ይሆናሉ፤ ብሪሃትና ኤላ «ብሪሃዴላ» ይሆናሉ። «ሱክሽማይላ» የሚል ካዩ አዲስ ተክል እንዳይመስልዎት፣ ያችው ትንሿ ሄል ናት። ሌላው፣ ትሩቲን «ትሩጢ»፣ ትሪፑታን «ትሪፑጣ» ብለው እንዳይጽፉ። ያ «ት» ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ እኛ ዘንድ የለም፣ ፈንድቶ ከሚወጣው ከእኛው «ጠ» ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። በተራው «ት» ይጻፉት።

ለትርጉሙ የምመክርዎት ይኸው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ «ኤላ (ሄል)» ብለው ይጻፉ፣ ከዚያ በኋላ ሄል ይበሉ። ትልቋን «ትልቁ የህንድ ሄል» ይበሏት። «ጥቁር ኮረሪማ» የሚለውን ይተዉት፤ አንባቢው ሮጦ የእኛኑ ኮረሪማ ገዝቶ ይመጣል። «ትሪጃታካ» የሚል ካገኙ ቀረፋ፣ ሄልና የህንዶቹ የቀረፋ ዘመድ ቅጠል በአንድ ላይ ማለት ነው፤ አንድ ቅመም አድርገው አይተርጉሙት።

በጣም የምፈራልዎት «ኡፓኩንቺካ»ን ነው። የትንሿ ሄል ስም ነው፤ ግን ያው ስም ለጥቁር አዝሙድም ይሰጣል። «ፕሪትቪካ»ም እንደዚሁ ለትልቋ ሄልና ለጥቁር አዝሙድ የጋራ ስም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አጠገቡ ከተዘረዘሩት መድኃኒቶችና ለምን በሽታ እንደታዘዘ በማየት ነው። ከሁለቱ አንዱ ካጋጠመዎት ዓረፍተ ነገሩን ከነአካባቢው ቀድተው ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።