የመታጠቢያ ቤት ዕድሳት ዕቃ፦ ማን ያቅርብ?

«ዕቃውን እኔ ልግዛ ወይስ ባለሙያው ያምጣ?» ላሉት፣ ይከፋፈሉት። ግድግዳና ወለል ውስጥ የሚቀበረውን፣ ማለትም ቧንቧ፣ ፊቲንግ (የቧንቧ መገጣጠሚያ)፣ የውሃ ስርገት መከላከያና የሴራሚክ ማጣበቂያ፣ ባለሙያው ያቅርብ። በኋላ ቢያፈስ «ያመጡልኝ ዕቃ ነው» የሚል ሰበብ አይኖረውም። ዓይን የሚያርፍበትን ግን፣ ሴራሚክ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ሲንክና ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው የውሃ መክፈቻ)፣ እርስዎ መርጠው ይግዙ።

ሴራሚክ ሲገዙ ከተለካው ስፋት ላይ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15። የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር (በየትኛው ዙር እንደተመረቱ የሚያሳየው) አንድ ዓይነት መሆኑን ይዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ሊለያይ ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተለጠፈ በኋላ ነው። የመቀመጫው ፍሳሽ በወለል የሚወጣ ከሆነ፣ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሃል ያለውን ርቀት ለክተው ይሂዱ፤ ግድግዳው ላይ ሴራሚኩ ገና ካልተለጠፈ ውፍረቱን መቀነስ አይርሱ።

የሚጠነቀቁበት ነገር፦ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ሚክሰር ከመረጡ፣ ቧንቧ መዘርጋት ሳይጀመር ቦታው ላይ መድረስ አለበት። ከዘገየ ሥራው ይቆማል፤ ባለሙያው ለባከነው ቀን ሊያስከፍልዎት ይችላል። ስለዚህ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያቀርብ፣ ተሰብሮ የመጣውንም ማን እንደሚተካ በውሉ ላይ ያስፍሩ። በርክክቡ ጊዜ እያንዳንዱ ካርቶን ሁለታችሁም ባላችሁበት ይከፈት።