ጤና አዳሜ ከኔ ጋር ቡና ይጠጣል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ ጎረቤቴ ከጓሮዋ ነቅላ ጤና አዳም ሰጠችኝ። በረንዳ ላይ እያለ ደስ ብሎት ነበር። ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት አስገባሁት። ትልቅ፣ ነጭ፣ የሚያምር የሸክላ ዕቃ ገዝቼ አዛወርኩት፤ የኤልኢዲ መብራትም ሰቀልኩለት። አሁን ግን አንገቱን ደፍቷል። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ጠምቶት ነው ብዬ ቡና ባፈላሁ ቁጥር ውኃ አጠጣዋለሁ። የቡናውን አተላም አፈሩ ላይ እበትንለታለሁ፤ ማዳበሪያ ነው ሲሉ ሰምቼ። የገበያ ማዳበሪያም ሁለት ጊዜ ጨምሬለታለሁ። ይባስ ብሎ ደቃቅ ጥቁር ዝንቦች ቤቱን ሞልተውታል። ምን ጎደለው?
— የቡና ወዳጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አልጎደለውም። በዝቶበት ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ቢጫው ቅጠል ላይ ብዙም አልቆየሁም። ቅጠል በብዙ ምክንያት ቢጫ ይሆናል። እኔን ያስቆመኝ «ቡና ባፈላሁ ቁጥር» ያልሽው ነው። አንቺ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትዪ እሱም አብሮሽ ይጎነጫል ማለት ነው። ዝንቦቹ ደግሞ ምስክር ናቸው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እርጥበቱ የማይለቅ አፈር ውስጥ ነው። አፈርሽ በየመሃሉ ቢደርቅ ኖሮ እንዲህ አይራቡም ነበር።

ጤና አዳም የሜዲትራኒያን አካባቢ ዘር ነው። ድንጋያማ፣ ኖራማ፣ ውኃ የማይዝ መሬት ይወዳል። ጥም ይችላል። የማይችለው እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ነው።

«ታዲያ ውኃ ከጠገበ ለምን እንደተጠማ ይጠወልጋል?» ትዪኝ ይሆናል። ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መሃል ያለው ክፍተት አየር መያዝ አለበት። ክፍተቱ ሁልጊዜ ውኃ ከሞላው ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ አይስብም። ስለዚህ ተክሉ ውኃ ላይ ቆሞ ይጠማል። አንቺ መጠውለጉን አይተሽ ትጨምሪለታለሽ፤ እሱ ይብስበታል።

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ ላይ በረንዳ ላይ ፀሐይና ነፋስ ነበረው፤ የሰጠሽውን ይጨርስ ነበር። ታኅሣሥ ላይ በናንተ አካባቢ የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ እድገቱ ይቀዘቅዛል፣ መጠጡም ይቀንሳል። በሐምሌ ልክ ብታጠጪው የት ያደርሰዋል?

አሁን የምነግርሽን ዛሬውኑ አድርጊ። መጀመሪያ ዕቃውን አንሺው። ካጠጣሽ አራት አምስት ቀን አልፎት አሁንም እንደ እንስራ ከከበደሽ፣ መልሱን አገኘሽ። ቀጥሎ ሌባ ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ከዚያ ዕቃውን ገልብጠሽ ተመልከቺው። ቂጡ ላይ ቀዳዳ አለው? ነጭና የሚያምር ስላልሽ የለውም ብዬ እወራረዳለሁ። ለጌጥ የተሠራ ዕቃ አብዛኛው ቀዳዳ የለውም።

እኔም በዚሁ ተቀጥቻለሁ። ስደት በመጣሁ የመጀመሪያው ዓመት ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ተከልኩ። ብልህ ነኝ ብዬ ከሥር ጠጠር ደለደልኩበት፤ ውኃው ወደ ጠጠሩ ይወርዳል በሚል። አይወርድም። ደቃቅ አፈር ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ከጠጠሩ በላይ ያቆየዋል። ጠጠሩ የሠራው ሥራ እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ማስጠጋት ብቻ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። ሽታው እስካሁን አይረሳኝም፤ የረጋ ኩሬ ሽታ።

ያንቺንም ከነአፈሩ ቀስ ብለሽ አውጪውና አሽቺው። ሥሩን በጣትሽ ያዢው። ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ልጡ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት በጣትሽ ላይ ከተንሸራተተ፣ ሞቷል። የሞተውን በንጹሕ መቀስ ቁረጪ፤ አትዘኚለት። ቀዳዳ ባለውና ለቀረው ሥር ልክ በሆነ ትንሽ ዕቃ መልሰሽ ትከዪው። ትልቅ ዕቃ ሥሩ የማይደርስበት ብዙ አፈር አለው፤ እዚያ ያለው ውኃ ጠጪ አጥቶ ይቀመጣል። ለአፈሩ ሁለት እጅ የመትከያ አፈር፣ አንድ እጅ ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ወይም ሻካራ አሸዋ ቀላቅይ። ነጩን ዕቃ ከወደድሽው ትንሹን ውስጡ አስቀምጪው፤ ሁልጊዜ ካጠጣሽ በኋላ ግን የተጠራቀመውን ድፊ።

ማዳበሪያውን አቁሚ። ሥሩ የታመመ ተክል ላይ ማዳበሪያ መጨመር ሆዱን ለታመመ ሰው ክትፎ እንደ ማቅረብ ነው። አተላውንም ጥረጊው። ላዩን ሸፍኖ አፈሩ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ ይሻግታል።

ምናልባት ጣትሽን ስትከቺ አፈሩ ደረቅ፣ ሥሩም ጤነኛ ከሆነ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ሌላ ቦታ እንፈልግ። ከታች ያረጁት ቅጠሎች ብቻ ሙሉ በሙሉ ከገረጡ ናይትሮጅን አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ተክሉ ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። ደቃቅ ነጠብጣብ ካየሽ ደግሞ ነጭ ወረቀት ዘርግተሽ ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጊው። የወደቀው አቧራ መራመድ ከጀመረ የሸረሪት ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። የማሞቂያ ደረቅ አየር ይመቻቸዋል። ግን እነዚያን ዝንቦች እያየሁ እዚህ እንደርሳለን ብዬ አላስብም።

መብራቱን ከተክሉ ጫፍ ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል አድርጊው፤ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይብራ። ከማሞቂያው አርቂው። ውኃ የምትሰጪው ላይኛው አፈር በደንብ ሲደርቅና ዕቃው ሲቀልሽ ብቻ ነው። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ እሱን እያየሽ ተስፋ አትቁረጪ። ዓይንሽ ጫፉ ላይ ይሁን። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ አዲስ ቡቃያ ከወጣ ድኗል።

ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ቡና ውስጥ የምንነክረው ቅጠል እንዲህ ያደርጋል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ፣ ዕቃውን ከመገልበጥሽ በፊት። ካሉት ቅርንጫፎች ያልጠወለገውን መርጠሽ አንድ ጣት የሚያህል ቁረጪ። የታችኛውን ቅጠል አራግፊና እርጥበት ባለው አሸዋ ትከዪው። እናትየው ብትሞት ልጇ ትተርፍልሻለች። ቡናውን ግን ለብቻሽ ጠጪ።