ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ወደ ትልልቅ ኤሲዎች ልግባ?

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አራት ዓመት የሕንጻ መስመር ዘርግተሃል። አሁን የትልልቅ ሕንጻ ኤሲ የሚተክልና የሚጠግን ድርጅት ሊቀጥርህ ፈልጓል፤ ግን በረዳትነት፣ ደሞዙም ካሁኑ ያነሰ ነው። ታላቅ ወንድምህ «ቱቦ ለመሸከም ነው የተማርከው? ዲግሪህን ቀጥል» ይልሃል። አንተን ግን የሚያስጨንቅህ «የማውቀው ሁሉ ባክኖ ከዜሮ ልጀምር ነው» የሚለው ነው።

ከዜሮ አትጀምርም። እኔም ከሞተር ኮንትሮል ነው ወደ ማቀዝቀዣ የገባሁት፤ ስለዚህ ወደዚያ ባደላ አትፍረድብኝ። የትልቅ ኤሲ ፓኔል ስትከፍት የሚጠብቁህ የምታውቃቸው ናቸው፤ ብሬከር፣ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ትልቅ ማብሪያ)፣ ኦቨርሎድ (ሞተር ከመጠን በላይ ሲጫን የሚያቋርጠው)፣ ትራንስፎርመር። ጋዙን የሚጨምቀው ስክሮል ኮምፕሬሰር ፌዝ (ከሦስቱ የኃይል መስመሮች ሁለቱ) ተቀያይሮበት በተቃራኒ ሲዞር ይጮሃል፣ ጋዝ ግን አይገፋም። ኤሌክትሪክ የማያውቅ ሰው «ኮምፕሬሰሩ አልቆለታል» ሊል ይችላል። አንተ ሁለት ገመድ አቀያይረህ ትገላገላለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮንታክተሩ አልስብ አለ እንበል። ኮንታክተሩን የሚስበውን ኮይል ትለካለህ፣ ቮልቴጅ የለም። መስመሩን ወደ ኋላ ስትከተል የሎው ፕሬዠር ስዊቹን (የጋዙ ግፊት ሲወርድ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን) ተከፍቶ ታገኘዋለህ። ብዙ ኤሌክትሪሺያን እዚህ ላይ ስዊቹን ይቀይራል። ይባስ ብሎ ዳይሬክት የሚያደርገው፣ ማለትም ስዊቹን ዘሎ ገመዱን በቀጥታ የሚያገናኘውም አለ። ኤሲው ይነሳል፣ ደንበኛውም ያመሰግናል። ስዊቹ እኮ ምንም አልሆነም፣ ሥራውን እየሠራ ነበር! ወይ ጋዙ ወጥቷል፣ ወይ ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኖ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በረዶ ይዟል። በትልልቅ ኤሲ ላይ ያለው ብዙው የታሸገ ኮምፕሬሰር ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ተመልሶ በሚመጣው ጋዝ ነው። ጋዙ ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፣ ከቆየም ይቃጠላል። ያኔ ማነው ተጠያቂው?

ረዳት ሆነህ የምትማረው ይህንን ነው። ጌጅ (የጋዙን ግፊት መለኪያ) ማንበብ፣ ሱፐርሂትና ሰብኩሊንግ (ጋዙ በልክ መሆኑን የሚያሳዩ የሙቀት ልዩነቶች) ማስላት፣ ናይትሮጅን እያሳለፉ መበየድ፣ ቫኪዩም መሳብ (ቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት ማውጣት) እና መያዙን ማረጋገጥ። ይህን ከሽቦው ጋር አንድ ላይ የያዘ ሰው በቀላሉ አይገኝም። በዕድሜ ከሚያንስህ ልጅ መማሩ ከከበደህ፣ ይክበድህ፤ ያልፋል።

ወንድምህ ክፉ አላሰበም። ግን የዲግሪውን ክፍያ እሱ ነው የሚከፍለው? ካልሆነ ምክሩን ስማውና ውሳኔውን ለራስህ አድርገው። ዲግሪው የትም አይሄድም። ለቤተሰብ የምትሰጠው ለጥቂት ወራት ይቀንሳል፤ አስቀድመህ ንገራቸው፣ ደብቀህ አትበደር።

«ዘግይቻለሁ ወይ?» ላልከው፣ አልዘገየህም። ምድርን የሚያሞቁ የማቀዝቀዣ ጋዞችን ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ በተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት ምክንያት የለመድናቸው ጋዞች እየቀነሱ ነው። በቦታቸው እየገቡ ካሉት እንደ አር-32 ያሉት በመጠኑ ተቀጣጣይ ናቸው። ነባሮቹም እንደ አዲስ እየተማሩ ነው። የእንግሊዝኛው ማኑዋልም አያስፈራህ፤ ዲያግራም ማንበብ ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቅ እንዳትፈርም። ኤሌክትሪሺያን መሆንህን ስላወቁ ዓመቱን ሙሉ ገመድ ሊያስጎትቱህ ይችላሉ፤ በረዳት ደሞዝ የድሮ ሥራህን ማለት ነው። «ጌጁን መቼ ነው የምይዘው? ከማን ጋርስ ነው የምወጣው?» በላቸው። የሰው ስም ጠርተው፣ ጊዜ ቆርጠው ከመለሱልህ ግባ። «ቀስ እያልን እናያለን» ካሉህ ሌላ ድርጅት ፈልግ።