መልስ፦ ቅሬያችን በከተማው ፕላን ላይ ምን ማድረግ ይችላል?

አብሽር ወንድሜ፣ ይቻላል። ደሴ ያለው ቅሬያችሁ፣ ማለትም የሰፈር እድራችሁ፣ በሰፈሩ ፕላን ላይ ቃል ይኖረው እንደሆነ ጠይቀሃል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ጊዜው ነው፤ ከጸደቀ በኋላ መጮህ ትርፉ ድካም ነው። አሁኑኑ ቀበሌ ሂዱና ለሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድን ሰፈር መንገድና ግንባታ በዝርዝር የሚያሳይ ፕላን) እየተሠራ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካለም ረቂቁን ካርታ አሳዩን በሉ።

ካርታው ላይ ቤታችሁን ብቻ አትፈልጉ! የጎርፍ መውረጃውን እዩ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፣ ክረምት ላይ ውሃው ከተራራው ወርዶ ቦርከና ወንዝ እስኪገባ በየት በየት እንደሚያልፍ ከሰፈሩ እናቶች በላይ የሚያውቅ ኢንጂነር የለም። የሚደፈነውን ቱቦ፣ የተሰነጠቀውን የድጋፍ ግንብ፣ አስከሬን ይዞ ለመውጣት የሚያስቸግረውን ቀጭን መንገድ፣ የቅሬው ድንኳን የሚተከልበትን ክፍት ቦታ ፎቶ አንሱና ከደብዳቤ ጋር አስገቡ። ማኅተም ይኑረው። ቅጂውን ገቢ አስደርጋችሁ ያዙ፣ በቃል የተባለ ነገር ስብሰባው ሲበተን አብሮ ይበተናል።

የፕላኑ ውይይት ስብሰባ ላይ የቅሬው ዳኛ (መሪው) እና ጸሐፊው ብቻ እንዳይሄዱ። ሴቶችም ተከራዮችም ይምጡ፣ ፕላኑ እነሱንም ሊያፈናቅል ይችላል።