እኔስ ዲሲ-3ን ነው የምለው

«የትኛው አሮጌ አውሮፕላን እንደገና ሲበር ማየት ትፈልጋላችሁ?» ለሚለው አብዛኛው ሰው «ፀሐይ» ብሏል። ይገባኛል። እኔ ግን እሷ ባትነሳ ይሻላል ባይ ነኝ። በ1928 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠራች፣ ጣሊያን ወሰዳት፣ የተመለሰችው ገና ጥር 2016 ነው። ምትክ የላትም። ብትከሰከስ ምን ልንል ነው? የግድ ከሆነ አምሳያዋ ይሠራና እሱ ይብረር።

የኔ ምርጫ ዲሲ-3 ናት፤ ባለ ሁለት ፕሮፔለር የድሮዋ አሜሪካ ሠራሽ የመንገደኞች አውሮፕላን። መጋቢት 30 ቀን 1938 የአየር መንገዳችን የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባው በወታደራዊ እህቷ በሲ-47 ነው።

በ1970ዎቹ፣ ልጅ ሆኜ፣ ከእናቴ ጋር ከጅማ አዲስ አበባ መጥቼባታለሁ። መሬት ላይ ስትሆን ጭራዋን ጥላ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ስለምትቆም ከኋላ በር ገብተህ ወደ ወንበርህ የምትሄደው ዳገት እየወጣህ ነው። የእናቴ ዘንቢል ተገለበጠና ብርቱካኑ ሁሉ እየተንከባለለ ወደ በሩ! አስተናጋጇ በእግሯ ስታግደው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ተቆነጠጥኩ። ከዚያ ሞተሩ ጭሱን ቡልቅ አድርጎ ተነሳ፤ ወንበሩም ጥርሴም አብረው ተንቀጠቀጡ። ስትንደረደር መጀመሪያ ጭራዋ ብድግ ይልና ዳገቱ ሜዳ ይሆናል። ያን ጊዜ ሆድህ ውስጥ የሚሰማህን የዛሬ ጄት አይሰጥህም። ጆሮዬ ሲደፈን ደግሞ ከረሜላ ሰጡኝ።

በኋላ ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ መካኒክ እንደነገሩኝ፣ ቆማ ካደረች ዘይቱ ታች ባሉት ሲሊንደሮች ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከማስነሳት በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ግድ ነው። ይህን ዘለህ ካስነሳህ ቤላው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ይጣመማል። «እንደ በቅሎ ናት፣ ሳትዳብሳት አትነሳም» ይሉ ነበር።

ሕልም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሲ-47 ጋር ከ10,000 በላይ ስለተሠሩ መለዋወጫ አይጠፋም። በ2011 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተባበሩት ኃይሎች ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ላይ ያረፉበትን 75ኛ ዓመት ለማክበር ከአሜሪካ ተነስተው አትላንቲክን ያቋረጡ ነበሩ። ችግሩ ነዳጁ ነው፤ የጄቱን ኬሮሲን አትጠጣም፣ የምትፈልገው የአውሮፕላን ቤንዚን ነው።

ኦሽኮሽ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሞተሯን አውጥተው ቱርቦፕሮፕ፣ ማለትም ፕሮፔለር የሚያዞር የጄት ዓይነት ሞተር፣ የሚገጥሙላት አሉ። በኬሮሲን ትሄዳለች፣ ትፈጥናለች፣ አስተማማኝ ናት። ያ ድምፅ ግን የለም። እንደዚያ አድርጋችሁ የምታመጧት ከሆነ እኔን አትጥሩኝ።